ባለ አራት ማስገቢያ የሴል መፈተሻ፦ ለብስክሌት ባትሪ ምን ያህል ይታመናል?

በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በየኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ በርካሽ ይገኛል፤ በውስጡ ካሉት 18650 የሚባሉ ክብ የሊቲየም ሴሎች የትኛው ገና አቅም እንዳለው፣ የትኛው እንደሞተ ግን በዓይን አይለይም። ለዚህ ሥራ የገዛሁት መፈተሻ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ አራት ሴሎችን በአንድ ጊዜ የሚይዝ፣ እያንዳንዱን ሞልቶና አራግፎ የያዘውን መጠን በሚሊአምፒር-ሰዓት የሚያሳይ ነው። ተመሳሳይ ዕቃ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ በስሙ ላይ አላተኩርም፤ የማነሣው ጥያቄ ቤት ውስጥ ለሚሠራ የ36 ቮልት የብስክሌት ባትሪ ሴል ለመምረጥ ይበቃል ወይ የሚል ነው።

በቅድሚያ የማልወድለትን ልናገር። ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ከ2 ቮልት በታች የወረደ ሴል በውስጡ ያለው የመዳብ ንጣፍ መሟሟት ስለሚጀምር፣ እንደገና ቻርጅ ሲደረግ ከውስጥ ሾርት አድርጎ ሊግል፣ አልፎም ሊቃጠል ይችላል። መፈተሻው ግን እንዲህ ያለውን ሴል ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ መሙላት ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሴል አስቀድሞ በቴስተር (በእጅ በሚያዝ የቮልት መለኪያ) መለካት ግዴታ ነው። የፖዘቲቩን ጫፍም ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፦ የሴሉ ቆርቆሮ በሙሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ በጫፉ ዙሪያ ያለችው ቀጭን የወረቀት ቀለበት ከተቀደደች ወይም የላስቲክ ሽፋኑ ከተላጠ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም። ዝገት ወይም ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ያለው ሴል መፈተሽም አያስፈልገውም።

አቅምን በመለካት ረገድ ዕቃው ያስመሰግናል። አንዱን ሴል ማስገቢያውን እየቀያየርኩ ስፈትነው ውጤቶቹ ተቀራራቢ ነበሩ። አዲስ ሳለ 2200 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዝ የነበረ ሴል ከ1760 በላይ፣ ማለትም ከ80 በመቶ በላይ ካስመዘገበ እመርጠዋለሁ። ሽፋኑ ላይ 9900 ተብሎ የተጻፈበትን ግን ገና ሳይፈተሽ ሐሰት ነው ማለት ይቻላል፤ በዚህ መጠን የሚሠራ ሴል ያን ያህል አይይዝም።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በ500 ሚሊአምፒር ሲራገፍ አንድ 2200 ሴል ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ መሙላቱ ሲጨመር አንዱ ዙር ቀኑን ይፈጃል፤ ለብስክሌቱ ደግሞ አርባ ሴል ያስፈልጋል። በመካከል መብራት ከጠፋ መፈተሻው የደረሰበትን ቁጥር ስለማያስታውስ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። በ12 ቮልት መሥራቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ ማሠራት ይቻላልና።

በውስጣዊ ሬዚስታንስ (ሴሉ ራሱ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቃወምበት መጠን) ንባቡ ላይ ግን እምነት የለኝም። ሴሉን አውጥቼ መልሼ ሳስገባው ብቻ ቁጥሩ በእጥፍ የተለወጠበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም መፈተሻው የሴሉን ብቻ ሳይሆን የማስገቢያው ሞላ (ስፕሪንግ) ከሴሉ ጋር የሚነካካበትን ቦታ ሬዚስታንስ ጨምሮ ይለካል። ለብስክሌት ደግሞ ወሳኙ ይኸው መጠን ነው። ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብለው ኮንትሮለር 15 አምፒር ቢስብና ባትሪው አራት አራት ሴል ጎን ለጎን የተገናኙባቸው አሥር ተከታታይ ክፍሎች ቢኖሩት፣ እያንዳንዱ ሴል 3.75 አምፒር ይሰጣል፤ የሴሉ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ከሆነ በጠቅላላው ባትሪ ላይ 3.75 ቮልት ይወርዳል፣ በእያንዳንዱ ሴልም ወደ 1.4 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይፈጠራል። ስለዚህ የሞላውን ሴል በ12 ቮልት፣ 55 ዋት የመኪና አምፖል ላይ አገናኝቼ ከ2 አምፒር በላይ ሲስብ ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ በቴስተር እለካለሁ፤ ከ0.3 ቮልት በላይ የወረደውን እጥላለሁ። የተረፉትንም ሞልቼ ለሳምንታት አስቀምጬ፣ ከ4.2 ቮልት ወደ 4.1 በታች የወረዱትን እለያለሁ፤ ይህን ፈተና የትኛውም መፈተሻ በአንድ ቀን ሊሠራው አይችልም።

ለአነስተኛ ሞተርና ለሜዳ መንገድ የላፕቶፕ ሴል ይበቃል፣ መፈተሻውም ዋጋውን ያወጣል። እንደ እንጦጦ ያለ ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን 10 አምፒርና ከዚያ በላይ እንዲሰጡ የተሠሩት፣ ከድሪል ባትሪ የሚወጡት ሴሎች ይሻሉታል፤ መፈተሻው ሁለቱንም በ500 ሚሊአምፒር ስለሚያራግፋቸው ይህን ልዩነት አያሳይም።