በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ስኳር፦ ለሐዋሳዋ ሲስተር ምስጋናዬ

ይህ ምስጋና ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ክፍል ለምትሠራ ነርስ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ «ስሜን ከጻፍሽ ያንን ሁሉ ሰልፍ ማን ሊያስተናግድልኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ስለዚህ ሲስተር እያልሁ እቀጥላለሁ። የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እቤቴ ሁለት የስኳር ታማሚዎች አሉ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከተገኘባት 11 ዓመት ሆኗታል፤ ክኒን ትወስዳለች። ሁለተኛው የ14 ዓመት ልጄ ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ልጁ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣ ጀመር። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። እኛ ደግሞ ቁመት እየጨመረ ነው ብለን ተውነው። ሲብስበት አንድ ክሊኒክ ወሰድሁት፤ ደሙ ተመርምሮ ታይፎይድ ነው ተባለ። ስኳሩን የለካው የለም። በእነሱ ብቻ አልፈርድም፤ የእማዬ መለኪያ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ እያለ እኔም አልለካሁትም። ስኳር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነዋ!

ማስመለስ ሲጀምርና ትንፋሹ ሲፈጥን ግን መለኪያውን አወጣሁ። ቁጥር እንኳ አልሰጠኝም፤ ከልኬቱ በላይ መሆኑን ብቻ አሳየኝ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ሜትፎርሚን ከሚባለው የእማዬ የስኳር ክኒን አንዱን አስዋጥሁት። ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። አፉ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸት ነበር። ደሙ አሲድ ሆኗል ተባልሁ። አራት ቀን ተኝቶ፣ ኢንሱሊን ጀምሮ ወጣ።

ለክትትል ወደ ሲስተር ስንሄድ ሆዴ ውስጥ የሚብላላው ጥያቄ አንድ ነበር። 11 ዓመት የታመመችው እናቴ ክኒን እየዋጠች፣ ትናንት የታመመው ልጄ ለምን መርፌ? ጎረቤቶቼ «እሱማ ቢብስበት ነው» ብለው ደምድመው ነበር።

ሲስተር ሦስታችንን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችን። «እማማ፣ በእርስዎ ቤት ክብሪት አለ፤ የረጠበው እንጨቱ ነው። በዚህ ልጅ ቤት እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ያለቀው ክብሪቱ ነው» አለች።

ክብሪቱ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው፤ እንጨቱ ኢንሱሊኑን የሚቀበለው ሰውነት ነው። በልጄ ላይ የደረሰው አንደኛው ዓይነት ስኳር ነው፤ በሽታን መከላከል የነበረበት የገዛ ሰውነቱ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት አጠፋቸው። ክብሪት በሌለበት ቤት እንጨት ማድረቅ ምን ይጠቅማል? የእማዬ ክኒን ለእሱ ያልሠራው ለዚህ ነው፤ መርፌውም ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የግድ ነው። ብስኩትና ከረሜላ ስለገዛሁለት የመጣ መስሎኝ ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር። እንዳልሆነ የነገረችኝ እሷ ናት።

የእማዬ ሁለተኛው ዓይነት ነው። በዓለም ላይ ከአሥር የስኳር ታማሚዎች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የዚህኛው ናቸው። ኢንሱሊኑ አለ፣ ሰውነት ግን እሺ አይለውም። የክብደት መጨመር፣ ቁጭ ብሎ መዋልና የቤተሰብ ዘር ያመጡታል። «ታዲያ እርጥብ እንጨት ላይ ዓመት ሙሉ ክብሪት ቢጫር ካርቶኑ አያልቅም?» ብላ ሲስተር እማዬን ጠየቀቻት። እማዬ ዝም አለች። አንድ ቀን እሷም መርፌ ሊያስፈልጋት እንደሚችል፣ ያም ቀን ቢመጣ የሞት መልእክተኛ እንዳልሆነ የገባት ያኔ ነው።

ተራ ስትጠብቅ የነበረች፣ በእርግዝናዋ ስኳር የተገኘባት ነፍሰ ጡር «የእኔስ?» አለች። «ያንቺ ክረምት ነው» አለቻት ሲስተር። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች እንጨቱን ያረጥቡታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይደርቃል። ሆኖም በወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንድትለካ፣ ከዚያም በኋላ መለካቱን እንዳትተው አጥብቃ ነገረቻት፤ ሁለተኛው ዓይነት ኋላ ላይ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነውና። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዝ ሌላ ዓይነት እንዳለም የሰማሁት ከእሷ ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. አምስተኛው ዓይነት ብሎ ሰይሞታል። ቀጭን ወጣት ሁሉ አንደኛው ዓይነት አይደለም ማለት ነው።

የማመሰግናት ግን ከንግግሯ ይልቅ በእጇ ሥራ ነው። ልጄ ጭኑ ላይ አንዲት ቦታ ብቻ ይወጋ ነበር፤ ብዙ አያምም ብሎ። በጣቷ ዳብሳ እብጠቱን አገኘችው። የእኔን ጣት ይዛ አስነካችኝ፤ እንደ ባቄላ ይደነድናል። እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን በወጉ አይሠራም፤ ስኳሩ አንድ ቀን ሰማይ አንድ ቀን መሬት ይሆንብን የነበረው በዚህ ነበር። ደመናማውን ኢንሱሊን ሳይንጥ በሁለት መዳፉ መካከል ቀስ አድርጎ እንዲያንከባልል አሳየችው። ማቀዝቀዣ የለንም ስላት ሁለት ገንቦ እንድገዛ ነገረችኝ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ትንሹ ትልቁ ውስጥ ይገባል፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ይሞላል፣ ኢንሱሊኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ በሐዋሳ ሙቀት ገንቦው ጥላ ሥር እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል።

ሌላው የጾሙ ነገር ነው። እማዬ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ሌላውን የስኳር ክኒኗን ውጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾም ነበር፤ አንድ ዓርብ ከቅዳሴ መልስ ላብ በላብ ሆና ወደቀች። ክኒኑ ኢንሱሊን ከቆሽት እየጨመቀ ያስወጣል፤ ምግብ ከሌለ ስኳር ከ70 በታች ይወርዳል። ሲስተር አልተቆጣቻትም። «ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፣ እኔም ከሐኪሙ ጋር እነጋገራለሁ» አለቻት። ሁለቱም ተነጋገሩ። የክኒኑ ሰዓት ተቀየረ፣ አባም ፈቀዱ። ጠበሉንም አልከለከለችም፤ መርፌውን ግን አንድ ቀን እንዳያቋርጥ ልጄን ቃል አስገባችው።

የሚሄድ ካለ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይድረስ። መለኪያችሁን፣ የቁጥር ደብተራችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ባዶ ካርቶኑን ጭምር ያዙ፤ በቃል የተነገራትን አትቀበልም። ደግሞ ሁሉንም ሰው ጫማ አስወልቃ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ታያለች። ካልሲያችሁን አይታችሁ ውጡ፤ እማዬ በመጀመሪያው ቀን የእሷ ተቀድዶ እጅግ አፍራ ነበር።