«አሮጌ መፍቻህን አምጣ፣ በአዲስ እንለውጥልህ» ለሚሏችሁ

እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ በአንድ አውራ ጣት ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። የመካኒክ ዕቃ ብሎ ካታለለኝ ሱቅ ከወጣሁ ሦስት ሰዓት አልሞላኝም። ሚስቴ «እደርበትና ረጋ ብለህ ትጽፈዋለህ» ብላኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ነገ ቅዳሜ ነው። ዕቁብ የደረሰው መካኒክ ሁሉ ዕቃ ሊገዛ የሚወጣው ነገ ነው። ከእነሱ አንዱ ይህን አንብቦ የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ ወደዚያ ባይሄድ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቦታ ተከራይተን መኪና እንሠራለን። ከዚያ በፊት ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ዕቃ አቀባይ ሆኜ። መፍቻ በአንድ ቀን እንደማይገዛ የሙያው ሰው ያውቃል። መጀመሪያ 10 ቁጥርና 12 ቁጥር ትገዛለህ፤ ቶዮታ ላይ የምትሠራ ከሆነ ቀንህ የሚያልፈው በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ነው፤ ለጎማው ዳዶ 21። ቆይቶ የጀርመን መኪና ሲገባልህ 13፣ 16 እና 18 ፍለጋ ትሮጣለህ። እኔ ደሞዝ በወጣ ቁጥር እሑድ እሑድ ምናለሽ ተራ እየወረድኩ፣ ከዝገት ክምር ውስጥ አንዷን ቡሶላ (ብሎን ራስ ላይ የሚጠለቀውን መፍቻ)፣ አንዷን ፒንሳ እየመረጥኩ ነው የሰበሰብኩት። ናፍጣ ውስጥ አሳድሬ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ ዝገቱ ሲለቅ የፋብሪካው ጽሑፍ ብቅ ሲል ያለውን ደስታ የቀመሰ ይረዳኛል።

አራቱ ባለ ሁለት ጫፍ ቀለበት መፍቻዎች ግን የተገዙ አልነበሩም። 10-11፣ 12-13፣ 14-15 እና 17-19። ሥራ ያስተማሩኝ ሰው፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ ከጋራዥ ሲወጡ በጨርቅ ጠቅልለው የሰጡኝ ናቸው። እሳቸው ለብዙ ዓመት የሠሩባቸው የጀርመን ብረቶች ናቸው፤ አፋቸው አልሰፋም፣ የብሎን ጠርዝ አይበሉም። ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ስለሚቀላቀል ሁላችንም ምልክት እናደርጋለን፤ የእኔ በሹል ብረት የተመታ ሦስት ነጥብ ነው። እነሱም ላይ ሦስት ነጥብ መትቻለሁ።

ማስቀመጫዬ አሮጌ የጥይት ሳጥን ነበር። ውስጡ ሸራ ላይ ኪስ ኪስ አሰፍቼ መፍቻዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ እሰካለሁ። ማታ ሳጥኑን ስዘጋ አንድ ኪስ ባዶ ከሆነ ያ መፍቻ የሆነ ሰው ሞተር ላይ ተረስቷል ማለት ነውና ሳላገኘው መኪናው አይወጣም። ይህን ያስተማሩኝም ጋሼ ናቸው።

ታዲያ ምን ጎደለኝ? ምንም። ዕቁቡ ሲደርሰኝ ግን ባለ ጎማ፣ ባለ 5 መሳቢያ ቀይ ሳጥን አማረኝ። እያንዳንዱ መሳቢያ በጥቁር ስፖንጅ የተሞላ፣ ስፖንጁ በየመፍቻው ቅርጽ የተቆረጠ፣ አንዱ ከጎደለ ጉድጓዱ ከሩቅ የሚታይ። ደንበኛም ዘንድሮ መኪናውን ከመስጠቱ በፊት ዕቃህን ያያል። ይህን ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። በየቀኑ ቪዲዮ የሚለቁት፣ «ኦርጅናል ነው፣ ውስን ፍሬ ነው የቀረን፣ ለመካኒክ ወንድሞቻችን ልዩ ቅናሽ» የሚሉት ናቸው። ይህኛው የጨመረበት «አሮጌ መፍቻህን አምጣ፣ ከዋጋው እንቀንስልሃለን» የሚል ነገር ነው። ያለፈው ቅዳሜ መፍቻዎቼን በቦርሳ ተሸክሜ ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ሻይ አስመጣልኝ። ወንበር ሳበልኝ።

ለዕይታ ያስቀመጡት ሳጥን እውነተኛ ዕቃ ነበር፤ አሁንም እምላለሁ። በእጄ ነካክቼዋለሁ። ቡሶላዎቹ ባለ 6 ጎን ናቸው፤ ባለ 12 ጎኑ የተበላ ብሎን ላይ እንደሚንሸራተት ስለማውቅ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ክሮም ቫናዲየም (የጠንካራው መፍቻ ብረት ስም) የሚለው ጽሑፍ በቀለም የታተመ ሳይሆን ብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው። ራቼቱን፣ ያንን ክርርር የሚለውን የቡሶላ እጀታ፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዞርኩት። ድምፁ እንደ ሰዓት የደቀቀ ነው። ባለ 72 ጥርስ ነው፤ 5 ዲግሪ ባንቀሳቀስከው ቁጥር ይይዛል፣ ሞተር ሥር እጅ በማይገባበት ቦታ ሕይወት ነው። ልጁ እያየኝ «አንተማ ዕቃ ታውቃለህ ወንድሜ፤ እንዳንተ የሚያገላብጥ ሰው አይመጣም» አለኝ። ደስ አለኝ። ያፈርኩበትን ሁሉ ልናገር ስለተነሳሁ ይኸው ተናግሬዋለሁ፤ ደስ አለኝ።

ዋጋው 68,000 ብር ነው። ቦርሳዬን ከፍቶ ዕቃዬን ጨርቅ ላይ ዘረገፈው። ስድሳ የሚሆን ፍሬ ነው። በእግሩ ጫፍ እየገፋ «አሮጌ ብረት ነው፤ ለአንተ ስል 14,000 እይዝልሃለሁ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጋሼን 17-19 አነሳና ወደ ብርሃኑ አዞረው። ምናልባት ለሁለት ሰከንድ ያህል። ጽሑፉን አነበበው። ምንም ሳይናገር ከሌሎቹ ለይቶ ጠረጴዛው ጀርባ አስቀመጠው። አየሁት እኮ! ዓይኔ እያየ ነው። ያኔ «ለምን ለየኸው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። ዓይኔ ቀዩ ሳጥን ላይ ነበር።

54,000 ብር በሞባይል አስተላለፍኩ። ደረሰኝ ስለው ለመደበኛው ጥያቄ መደበኛውን መልስ ሰጠኝ፤ «ከፈለግክ ይቆረጥልሃል፣ 15 ፐርሰንት ቫት ይጨመርበታል፣ 10,200 ብር ነው።» ተውኩት።

ከዚያ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። የሞከርኩትን ሳጥን ልገፋ ስነሳ «ኧረ እሱ የዕይታ ነው፤ የስንቱ እጅ ነክቶታል፤ ላንተ ያልተነካ ነው የማወጣልህ» ብሎ አንዱን ልጅ ወደ ጓዳ ላከው። ልጁ በጋሪ ካርቶን እየገፋ መጣ። ካርቶኑ ላይ ያው ሥዕል፣ ያው ቀይ ሳጥን አለ። ዙሪያውን በፕላስቲክ ጠፍር ታስሯል። ካቻቢቴ አንስቼ ጠፍሩን ልበጥስ ስል ሻጩ እጁን እጄ ላይ አሳረፈው። አልገፋኝም፤ እንደ ታላቅ ወንድም ነው ያሳረፈው። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የፋብሪካ እሽግ ነው። እዚህ ከከፈትከው ዋስትናው ቀረብህ ማለት ነው። ቤትህ ገብተህ ተረጋግተህ ክፈተው» አለኝ። ካቻቢቴዋን ከእጄ ወስዶ ቦታዋ መለሳት።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ያመጣውን እቃ ከካርቶኑ አውጥቼ ሳላይ ገጥሜ የማላውቅ ሰው ነኝ። ኩሽኔታ ይሁን ፓራኦሊዮ፣ ከአሮጌው ጎን አስቀምጬ ሳላነጻጽር አልነካም። የራሴን 54,000 ብር ግን ካርቶኑ እንደታሸገ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ወጣሁ። እጄን ያነሳሁባት ሰከንድ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ቤት ስከፍተው ቀለሙ ያው ነው፣ ስፖንጁም ያው። ራቼቱን አዞርኩት፤ ክር ክር ክር አለ፣ እንደ አሮጌ የቤት በር። ሆዴ ያኔውኑ ነግሮኛል። «ግራሶ ስላልተቀባ ነው» ብዬ ዋሸሁት። የታችኛውን መሳቢያ ስሞላው ሐዲዱ ጎበጠና ተነክሶ ቀረ። ለእሱም ሰበብ ፈለግኩለት።

ሐሙስ አንድ የታክሲ ኮሮላ የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ ሊቀየርለት ገባ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የካሊፐሩን መያዣ ብሎን በ17 ቁጥር ያዝኩት። ለጉልበት ብዬ እጀታው ላይ ቧንቧ አልሰካሁም፣ አልዘለልኩበትም፤ በክንዴ ነው የሳብኩት። ቡሶላው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ እጄ ተስፈንጥሮ የድሮው ዲስክ ስለት ላይ አረፈ። አባባ ከበርጩማቸው ተነሥተው ነጠላቸውን ሊቀዱልኝ ሲሉ ነው የከለከልኳቸው። የብሎኑም ራስ ተልጦ ቀረ። ጓደኛዬ ዳዶ በየዳ ለጥፎበት ነው በመከራ ያወጣው፤ የሰውየው የአንድ ቀን ሥራ ባከነ። ከጎረቤት ጋራዥ መፍቻ ተውሰን መኪናውን ጨረስን። እኔ፣ ማንም መፍቻ ሲጎድለው ወደ እኔ ይመጣ የነበርኩት ሰው፣ መፍቻ ተዋስኩ።

ማታ ራቼቱን ፈታሁት። ጥርሱን ቆጠርኩ፤ 24። አንዴ ለመያዝ 15 ዲግሪ ይፈልጋል። ሁለት ማራዘሚያዎች ላይ ማግኔት አስጠጋሁ፣ አልያዘም። ክሮም ቫናዲየም ብረት ነው፣ ማግኔት ይይዘዋል፤ የማይዘው እንደ ዚንክ ያለው የሚቀለጥ ነገር ነው። አንዱን ሞርሳ ላይ አጥብቄ ይዤ በመዶሻ ስነካው እንደ ብስኩት ተሰበረ፤ ውስጡ ግራጫ ነው፣ እንደ ስኳር ፍርፍር ያለ።

ዛሬ ከሰዓት የተሰነጠቀውን ቡሶላ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ አላወቀኝም። ወይም አላወቅኩህም አለኝ። «የቱ ዕቃ? ከእኛ ስለመሆኑ ምን አለህ? ደረሰኝ አለህ?» የባንኩን መልእክት አሳየሁት። «ይሄ ገንዘብ ልከሃል ነው የሚለው፣ ዕቃ ገዝተሃል አይልም» አለ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በጣቱ አሳየኝ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ሳትለቅ ሳቀች። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ዞሮ «መካኒክ ነኝ ይላል ደግሞ፤ መካኒክ ቢሆን እዚሁ አያውቀውም ነበር?» አላት።

መልስ አጣሁ። አፌን ከፍቼ ቀና ስል ግድግዳው ላይ አየኋቸው። አራቱ ቀለበት መፍቻዎች። በናፍጣ ተወልውለው፣ በሚስማር ተሰቅለው፣ በካርቶን ቁራጭ «ኦርጅናል የጀርመን» ተጽፎባቸው። 17-19ኙ ላይ ብቻ 4,500 ብር ይላል። ጠጋ ብዬ አዞርኩት። ሦስት ነጥብ። በራሴ እጅ የመታሁት፤ ሦስተኛዋ ነጥብ ትንሽ ወደ ግራ ያመለጠች።

«ይሄ የኔ ነው» አልኩት። «ነበር» አለኝ። 14,000ውን ልስጥህና የእኔን መልስልኝ ብዬ ለመንኩት፤ አዎ ለመንኩት። «ዋጋው ተጽፎበታል» ብሎ ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ዞረ። ጠባቂው መጥቶ ትከሻዬን እስኪይዘኝ ድረስ መፍቻው በእጄ ነበር። መልሼ ሰቀልኩት።

ነገ ለምትወጡ፦ የሞከራችሁትን ያንኑ ሳጥን ካልሰጧችሁ ውጡ። ካርቶን እዚያው ክፈቱ፣ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ቫቱን ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ እኔ ግን የምይዘው ወረቀት የለኝም። የሠራችሁበትን መፍቻ ደግሞ ለማንም አትስጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምን። ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ገላን አካባቢ የምትሠሩ ወንድሞች፣ አፋቸው ጥግ ላይ ሦስት ነጥብ የተመታባቸው ቀለበት መፍቻዎች በማንም እጅ፣ በየትኛውም ሱቅ ካያችሁ፣ ገንዘቡ ካላችሁ ግዙና ያዙልኝ። በተለይ 17-19ኙን። የከፈላችሁትን ከትራንስፖርቱ ጋር እሰጣለሁ፤ ቀስ በቀስም ቢሆን እከፍላለሁ። ጋሼ ለበዓል ስሄድ ሁልጊዜ «ብረቶቼ ደህና ናቸው?» ብለው ይጠይቁኛል።