ለባሕር ዳር ውሾች መርዝ ይሻላል ወይስ ክትባት?

ጣና ዳር ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ ማለዳ ማለዳ የአምባዛ ጭንቅላት የሚጠብቁ ውሾች አይጠፉም። የእብድ ውሻ በሽታ ወሬ ሲሰማ ቶሎ የሚታሰበው መርዝ ነው፤ ርካሽ ይመስላላ! ግን ሬሳውን የሚበላው ጅብና ጥንብ አንሣም ሊመረዝ ይችላል። ባለቤት ያለው ውሻም አብሮ ያልቃል። ባዶ የቀረውን ሰፈር ደግሞ ያልተከተቡ አዲስ ውሾች ይሞሉታል።

ክትባት አድካሚ ነው፤ መደገም አለበት፣ የጎዳና ውሻ መያዝም ቀልድ አይደለም። ሆኖም ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፤ ላሙም አህያውም ይተርፋል። እኔ ለክትባቱ አደላለሁ። የተነከሰ ሰው ግን ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።