480 ግራም ብረት በማርሽ ዘንግ ላይ፦ የአሥራ አንድ ወር ልምድ

ታኅሣሥ ነበር፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የመኪናው መስታወት ጤዛ ለብሷል፣ መሪው እጅ ያደነዝዛል። ሽሮ ሜዳ ካለው ግቢያችን ወጥቼ ኮብልስቶኑን በአንደኛ ማርሽ ከጨረስኩ በኋላ ፍሪሲዮን ረግጬ ዘንጉን ወደ ታች ሳብኩት። ለአራት ዓመት በየጠዋቱ የሰማሁትን ያንን ጥርስ የማፋጨት ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። ሁለተኛው ማርሽ ገባ። አላመንኩም። አስፋልቱ ላይ ጥግ ይዤ አቆምኩና ከአንደኛ ተነሥቼ ደግሜ ሞከርኩት። ገባ። ሦስተኛ ጊዜም ገባ።

በመኪናው ላይ የተቀየረው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ከዋዜማው የማርሽ እጀታውን ቀይሬ ነበር።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፤ ባለ አምስት ማርሽ፣ በእጅ የሚቀየር። ስለ ሌላው ነገሯ የምለው የለኝም፤ ትነሣለች፣ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ጠዋት ላይ ግን ሁለተኛ ማርሽ አልቀበልም ትል ነበር። አንዴ ሞተሩም ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) ከሞቁ በኋላ ምንም ችግር የለባትም። የካምቢዮ ዘይቷን አስቀየርኩ፣ ፍሪሲዮኗን አስፈተሽኩ፣ ከዘንጉ ወደ ካምቢዮ የሚሄዱትን ሁለቱን ገመዶች አሳየሁ። መካኒኬ በሥራው ያረጁ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የሁለተኛው ቀለበት ተበልቷል። ካምቢዮውን ማውረድ አለብን፤ ካልቸኮልክ ግን ትንሽ ያስኬድሃል» አሉኝ። ገንዘቡን ሳስበው አልቸኮልኩም።

ከዚያ ነው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አዲስ የማርሽ እጀታ ፍለጋ የሄድኩት። አንድ ወጣት ሻጭ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ኳስ አወረደልኝ። ላዩ ላይ የማርሽ ቁጥሮች በቀይ ተጽፈዋል። «ጋሼ፣ ይህ የእሽቅድምድም ነው፤ ለሁሉም መኪና ይሆናል፤ ማርሹን ያሳጥረዋል» አለኝ። 1,500 ብር ከፈልኩ። ለሁሉም መኪና ይሆናል የተባለው ከውስጡ ዘንጉ ላይ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ስለሌለው መሆኑን ያወቅኩት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ሦስት የፕላስቲክ ቱቦዎች አብረውት መጥተዋል፤ አንዱን ዘንጉ ላይ ታጠልቃለህ፣ ኳሱን ከላይ ታስቀምጣለህ፣ ከጎን ባሉት ሦስት ደቃቅ ብሎኖች ታጠብቀዋለህ። በኩሽና ሚዛን መዘንኩት፤ 95 ግራም። መኪናዋ ይዛው የመጣችው የፕላስቲክና የቆዳ እጀታ 110 ግራም ነበር። ገንዘብ ከፍዬ ይበልጥ ቀላል ነገር ገዝቻለሁ ማለት ነው፤ ጠዋት ላይ ያለው ማፋጨትም ብሶ እንጂ ቀንሶ አላገኘሁትም።

በሦስተኛው ሳምንት ማታ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ፣ ከፊቴ ታክሲ ድንገት ቆመ። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመመለስ ዘንጉን ሳብኩ። ኳሱ በእጄ ውስጥ ቀረ። ዘንጉ ባለበት ሦስተኛ ላይ ነው፤ እኔ ዳገት ላይ ኳስ ጨብጫለሁ፤ ከኋላዬ አውቶቡስ ጡሩንባ ይነፋል። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። የተሳለውን የዘንጉን ጫፍ በመዳፌ ጨብጬ ወደ አንደኛ አስገባሁ፤ እጄ ተሰነጠቀ።

አሁንም መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ከዚያ ሻጭ ጋር እከራከራለሁ። ወንድሜ፣ ማርሹን ያሳጥረዋል አልከኝ። የማርሽን ርቀት የሚወስነው ከታች ያለው የዘንጉ ርዝመትና ማጠፊያው ነው፤ ኳሱ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ካልተቀመጠ በስተቀር አንዲት ሚሊ ሜትር አያሳጥርም። የእሽቅድምድም ነው አልከኝ። በቱቦ ላይ በሦስት ብሎን የተንጠለጠለ ነገር ለእሽቅድምድም ቀርቶ ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ አልሆነኝም። አለማወቅ ነውር የለውም። የማታውቀውን እንደምታውቅ አድርገህ ለአንድ ቤተሰብ መኪና መሸጥ ግን ልክ አይደለም፤ ያን ዳገት ባስታወስኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

እልህ ነው ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት የወሰደኝ። የድሮውን እጀታ ይዤ መርካቶ ውስጥ ወዳለ አንድ ቤት ገባሁና «ይህን በብረት ሥራልኝ» አልኩት። ሠራተኛው እጀታውን ገልብጦ ውስጡን አየ፣ በካሊፐር ለካ፣ ከዚያ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን አንሥቶ ሊያስገባ ሞከረ። ሁለት ዙር ሳይሄድ ተያዘ። «ይህ የተለመደው አይደለም፤ ጥርሱ ደቃቅ ነው» አለኝ። የተለመደው የ12 ሚሊ ሜትር ብሎን በጥርሶቹ መካከል 1.75 ሚሊ ሜትር አለው፤ የቶዮታው 1.25 ነው። ጥርስ ማውጫውን ከጎረቤት ተዋሰ። ከቁራጭ አክስል ላይ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ አየሁ፤ ሰማያዊ የብረት ልጥ እየተጠቀለለ ይወድቃል፣ ኳሱም ቀስ በቀስ ክብነቱን ያገኛል። ሲጨርስ በጨርቅ ይዞ አቀበለኝ፤ ገና ትኩስ ነበር። 480 ግራም። ዘንጉ ላይ በጥርሱ እየተጠመዘዘ ገባና ድርቅ ብሎ ቆመ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አንዴም አልላላም።

ለምን እንደሠራ ለመረዳት ብዙ ጠይቄያለሁ። ማርሽ ከመግባቱ በፊት አንድ የነሐስ ቀለበት ከማርሹ ጋር ይፋተግና የሁለቱን ፍጥነት ያስተካክላል። በብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር ቀለበቱ ዘይቱን ቶሎ ገፍቶ መያዝ ያቅተዋል፤ ያረጀ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ የሚደረገው ሽግግር ከሁሉም ይከብዳል፤ በእኔ መኪና የካምቢዮው መውጫ አንዴ ሲዞር ሞተሩ በአንደኛ ወደ 3.5 ጊዜ፣ በሁለተኛ ወደ 1.9 ጊዜ ይዞራል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከሌሎቹ ሁሉ ይሰፋል። ቀላል እጀታ ስትይዝ ቀለበቱ ጋ ሲደርስ ዘንጉ ይደናቀፋል፤ እጅህም አብሮ ይደናቀፍና ተናደህ ትገፋዋለህ፤ ያኔ ነው የሚያፋጨው። ከባድ ብረት ግን አንዴ ከተንቀሳቀሰ በራሱ ክብደት መግፋቱን ይቀጥላል። ሳያቋርጥ፣ ሳይደነግጥ፣ እኩል አድርጎ ይጫናል፤ ቀለበቱ ሥራውን የሚሠራበት ጊዜ ያገኛል። የሻጩ ኳስ ግን አሉሚኒየም ነበር፤ አሉሚኒየም በክብደት ከእኩል መጠን ብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ውስጡ ባዶ ሲሆን ደግሞ ምን ይገፋል?

መካኒኬ ነድተው አዩት። ዝም ብለው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አስገቡ፤ እንደገና ወደ ሁለተኛ መለሱት። «ልጄ፣ ማስታገሻ ነው፤ ቀለበቱ አሁንም የተበላ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ካምቢዮው አንድ ቀን መውረዱ አይቀርም። ነገር ግን በየጠዋቱ ጥርስ ከጥርስ እየተፋጨ ከመሄድ በዝምታ መሄዱ ለዚያ ካምቢዮ ዕድሜ አይጨምርም ብትሉኝ አልሰማችሁም። አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል፤ ከባዱ ኳስ መዳፍ ስለሚሞላ እጅ ሳያስቡት እዚያው ያርፋል፤ ይህ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ማርሽ የሚያስገባውን ሹካ ይበላዋል። እጄን ወደ መሪው መመለስ ሁለት ወር ያህል ልምምድ ጠይቆኛል።

እንከን አለው። ባዶ ብረት ስለሆነ በክረምቱ ዛገ፤ መዳፌ ላይ ቡናማ ቀለም ይተው ነበር፤ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ፈትጌ ዘይት ቀባሁት። መጋቢት ላይ አዳማ ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት አቁሜ ስመለስ ሊነካ አልቻለም፤ በሻርፕ ጠቅልዬ ነው መንገድ የጀመርኩት። ባለቤቴ ከጥጥ ክር ትንሽ ኮፍያ ሠራችለት፤ ስናቆም እናለብሰዋለን። ለእኔ በዓመት ጥቂት ቀን የሚያቃጥል ነገር፣ በየጠዋቱ ከሚያፋጭ ነገር ይሻላል። ድሬዳዋ ወይም አፋር ብኖር ምናልባት ሌላ እል ነበር።

ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ የድሮውን እጀታ ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለአብዛኞቹ ቶዮታዎች 12 በ1.25 በሉት፤ ለሆንዳ 10 በ1.5፣ ለኒሳን 10 በ1.25 ነው። ጥርስ የሌለውና ከጎን በብሎን የሚታሰር ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያብለጨልጭ አትውሰዱት። ሚዛን ካላቸው እዚያው አስመዝኑት፤ ከ400 ግራም በታች ከሆነ መልሱላቸው።