ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ፦ ለአሮጌ ኮምፒውተርና ለድሬ ሙቀት

ከዚራ ያለችው ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። እሱ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የእኛዎቹ ያረጁ ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ስለዚህ ፎርማት አድርጌ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ጫንኩባቸው።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ስላለው ሰው የሚጠይቀኝ «የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ የማየው አብሮት የሚመጣውን ዴስክቶፕ ነው፤ መስኮቶቹን፣ ሜኑውንና የስክሪኑን ገጽታ የሚያቀርበውን ክፍል ማለቴ ነው። ሌላ መርጦ መጫን እንደሚቻል አውቃለሁ። ግን ማን ይቀይራል? ጸሐፊዋም ደንበኛውም በዲፎልት የመጣውን ነው የሚጠቀሙት።

መጀመሪያ ፌዶራ የሚባለውን ሊኑክስ ሞከርኩ፤ ግኖም ከሚባለው ዴስክቶፕ ጋር የሚመጣውን። ያምራል፣ አይካድም። ግን መስኮቱ ላይ ያለችው የመዝጊያዋ ምልክት ብቻ ናት፤ ሚኒማይዝ የለም። ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጥከው ፋይልም አይታይም።

«ጋሼ፣ የሰውዬው ሲቪ ጠፋ!» አለች ጸሐፊዋ።

አልጠፋም። ዴስክቶፕ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ግኖም ስክሪኑ ላይ አያሳየውም እንጂ። ፍላሹን ይዞ ለቆመ ሰው ይህን ማስረዳት አቦ፣ ተወው!

ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ እዚህ ላይ ይሻላል። ያው ግኖም ነው፤ ግን ሚኒማይዙንም፣ የዴስክቶፑን ፋይሎችም፣ በግራ በኩል የፕሮግራሞች ረድፍም ጨምሮበት ነው የሚያቀርበው። ክብደቱ ግን አልቀነሰም። የግራፊክስ ካርዱ ደካማ ሲሆን ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ከሰዓት በኋላ ድሬ ስትግል ፋኑ ዳገት እንደሚወጣ ባጃጅ ይጮህ ነበር።

ሚንት የሚባለውን ሊኑክስ ኤክስኤፍሲኢ ከሚባለው ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ጋር ስንጭን ይሄ ቀረልን። ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ ተመችቶህ እንድትሠራ 4 ይመክራል። ሜኑው በስተግራ ከታች ነው፤ ዊንዶውስ የለመደ ሰው እጁ በራሱ ይሄዳል። የመስኮቶቹን ጥላና ማስዋቢያ ማጥፋትም ይቻላል፤ እኔ አጥፍቼዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቶሎ ይነሳል ብለው የሚያሞግሱት አሉ። እሱ እንኳ የኤስኤስዲው፣ የፈጣኑ ዲስክ ሥራ ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ አማርኛው ላይ ነው። እኛ ጋ አንዱ ማመልከቻ በአማርኛ ያስጽፋል፣ ቀጣዩ በኦሮምኛ፣ ከመጋላ የመጣው በሶማሊኛ። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ስለሚጻፉ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ መቀያየር ነው። ግኖም ላይ፣ አይባስ ለሚባለው የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ከጫንክ በኋላ ሴቲንግ ገብተህ አማርኛን ትጨምራለህ፤ ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ነው። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ግን አይባስን ራስህ ማሰናዳት፣ ወጥተህ መግባት፣ ከዚያ ቋንቋውን መጨመር አለብህ። አንዴ ከተስተካከለ ልዩነት የለውም። ግን ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ «ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም» ብሎ ይተወዋል። በነገራችን ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሲመጣላችሁ ገጹ ሊዛባ ይችላል፤ ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ነው፣ እዚህ በሌላ ይተካል። ይሄ በየትኛውም ዴስክቶፕ ያው ነው።

ምርጫው ቀላል እንዳልሆነ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ የሚሠሩት ሰዎችም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዲፎልቱን ወደ ኤክስኤፍሲኢ ቀይረው በ2014 ወደ ግኖም ተመለሱ። ከምክንያቶቹ አንዱ ግኖም ለአካል ጉዳተኞች የተሻለ አመቺ መሆኑ ነበር። ይሄ ምክንያት ያሳምነኛል። 8 ጊጋ ራም ያለው ደህና ላፕቶፕ ላለው ሰውም ኡቡንቱን ነው የምጭንለት።

ለጽሕፈት ቤት ግን ሚንት ኤክስኤፍሲኢ። አንድ ነገር ብቻ፦ የመስኮቱ ጠርዝ በጣም ቀጭን ስለሆነ በማውስ ይዞ ለማስፋት ያስቸግራል። አልትን ተጭናችሁ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ጎትቱት።