የብረት በር ማሰራት፦ ተራ ቀለም፣ ፓውደር ኮቲንግ ወይስ ጋልቫናይዝድ?

የግቢ በር ለማሰራት ስትሄዱ በያጁ ዲዛይኑን በስልኩ አስር አይነት ያሳያችኋል፣ ስለ ቀለሙ ግን "አታስቡ አሪፍ ነው ምንቀባው" ብሎ ያልፈዋል። በኋላ ሚያናድደው ደሞ ያው እሱ ነው።

የለመድነው ጥቁር ላሜራ ላይ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቅብ)፣ ስቱኮ (ጉድለት መሙያ)፣ ከዛ በኮምፕሬሰር ሚነፋ ቀለም ነው። ከሶስቱ ርካሹ ነው፣ የትም ሰፈር ይሰራል፣ ቢጫርም ራሳችሁ በብሩሽ ትደርቡበታላችሁ። ይሄ ቀለም ቶሎ ተላጠ ሲባል ምሰማው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን ከሱ በፊት የተዘለለው ስራ ነው፣ ላሜራው ሲመጣ ዘይት አለው፣ ብየዳው ላይ ደሞ ቅርፊት ይቀራል፣ ይሄ በቲነር ታጥቦ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ካልወጣ የፈለገ ውድ ቀለም ቢነፋበት ዝገቱ ከስር እየገፋ ያነሳዋል። በተለይ የበሩ የታችኛው ጠርዝና ላሜራው ከፍሬሙ ጋር የተደረበበት ቦታ ውሃ ይይዛል፣ ዝገት ሚጀምረው እዛ ነው። ቀለሙ ሳይነፋ ሂዱና በሩን አስገልብጣችሁ ከታች በኩል አንቲረስት መቀባቱን እዩ፣ ቢነጫነጩም ይነጫነጩ።

ፓውደር ኮቲንግ ሚባለው ዱቄት ቀለም ነው፣ በኤሌክትሪክ ቻርጅ ተደርጎ ብረቱ ላይ ይለጠፍና ከ180 እስከ 200 ዲግሪ በሚሆን ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ይጠነክራል። ወጥ ነው፣ አይንጠባጠብም፣ ጭረት በደንብ ይችላል። ግን ኦቨኑ ውስጥ የማይገባ በር አይሰራም፣ ስለዚህ ሰፊ የመኪና በር ከሆነ ከመጀመሪያው ተከፋፍሎ መታሰብ አለበት። ተራ ስቱኮም ሙቀቱን ስለማይችል ብየዳው በግራይንደር ንፁህ ሆኖ ማለቅ አለበት፣ ድብብቆሽ የለም። ማጠፊያውም የቁልፉ ቤትም ቀድሞ ተበይዶ ይለቅ፣ "ስንገጥም እዛው እንበይደዋለን" ካሏችሁ ቀለሙ እዛው ይቃጠላል፣ ያንን ደሞ እንደነበረ አድርጎ ሚጠግነው የለም። ዱቄቱ አይነት አለው፣ ለውጪ ከሆነ ፖሊስተር ሚባለውን በሉ፣ ኢፖክሲ ሚባለው ፀሀይ ላይ ይደበዝዛል።

ጋልቫናይዝድ ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ትንሽ ቢጫር እንኳን ዚንኩ ብረቱን ይጠብቀዋል። ለአሸንዳ፣ ለአየር ዳክት፣ ታጥፎ በሪቬት ለሚያያዝ ነገር ተወዳዳሪ የለውም። ለበር ግን አልመክርም፣ ሲበየድ ዚንኩ ይቃጠልና መጀመሪያ ሚዝገው የተበየደው ቦታ ይሆናል፣ ጭሱም በያጁን ያሳምመዋል፣ ተራ የዘይት ቀለም ደሞ ለሱ የሚሆን ፕራይመር (መነሻ ቅብ) ሳይቀድመው በቀጥታ ከተቀባ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለግቢ በር የመጀመሪያውን፣ ተራ ቀለሙን፣ በደንብ አሰርቼ የተረፈኝን ብር የላሜራው ውፍረት ላይ ባወጣው እመርጣለሁ። ፓውደሩን ለሼልፍ፣ ለቢሮ ካቢኔት፣ ለበረንዳ ወንበር ምናምን፣ እዛ ላይ ክርክርም የለኝ።

ውፍረቱን ደሞ በአፍ አትመኑ። 1 በ2 ሜትር የሆነ የ1 ሚሊ ላሜራ ወደ 15.7 ኪሎ ይመዝናል፣ የ1.5 ሚሊው 23.5 አካባቢ ነው፣ የ0.8ቱ ደሞ 12.5 ገደማ። ሳይቆረጥ ሚዛን ላይ አስወጡት፣ ፕሮፎርማው ላይም ውፍረቱ፣ የአንቲረስቱ ዙርና የቀለሙ አይነት ተፅፎ ካላያችሁ ቀብድ አትክፈሉ።