ጃምቢያኒ ላይ ምሳ ከማዘዛችሁ በፊት ባሕሩን እዩ

ከእህቴ ጋር ዛንዚባር አምስት ቀን ቆይተን ከተመለስን ሳምንት ሆነን። ብዙ ቦታ በልተናል። ጣዕሙ እስካሁን ከአፌ ያልጠፋው ግን የአንድ ቤት ነው፤ በደሴቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጃምቢያኒ መንደር፣ አሸዋው ጫፍ ላይ ያለች ስድስት ጠረጴዛ ብቻ የያዘች ምግብ ቤት። ጣሪያዋ የኮኮናት ዛፍ ቅጠል ነው። ስሟ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ጨዋማው ንፋስ ፊደሉን በልቶታል። «ኦክቶፐስ የሚሠሩት ማማ» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው ያደርሷችኋል።

ወደ ምግቡ ከመግባቴ በፊት ስለ ባሕሩ ልንገራችሁ። እዚያ ምሳችሁን የሚወስነው እሱ ነው። የደረስን ማግስት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፎጣችንን ይዘን ለዋና ወጣን። ባሕሩ የለም። እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ እርጥብ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየው፣ ጀልባዎቹም በጎናቸው ተኝተዋል። እህቴ በጣም ከፋት፤ ለካ ሳንጠይቅ መምጣታችን ነው። ውኃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፣ ከአንዱ እስከ ሌላው ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው፣ በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ርቆ ይሸሻል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ያዙ፣ እዚያ ባሕሩ ይህን ያህል አይርቅም።

የጃምቢያኒ ሰው ግን ሥራውን የሚሠራው ባሕሩ ሲሸሽ ነው። ሴቶቹ በገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር ሣር ሊለቅሙ ይወርዳሉ። ኦክቶፐስ አዳኞቹ ቀጭን ብረት ይዘው የኮራሉን ቀዳዳ ሁሉ እየወጉ ይፈትሻሉ። ውኃው መመለስ ሲጀምር እነሱም ይመለሳሉ። ስለዚህ ትኩስ ነገር ለመብላት ከፈለጋችሁ መድረስ ያለባችሁ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳናውቅ የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሌላ ቤት ገብተን ነበር፣ ስሙ ይቅር። ፎቶ የሞላበት ሜኑ ሰጡን፣ ያመጡልን ዓሣ ከፍሪጅ የወጣ በረዶ ነበር፣ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ዋጋው የሳህን ሳይሆን የ100 ግራም ሆኖ አገኘነው። በተለይ ሎብስተርና ትልልቅ ዓሣ ስታዙ «በሳህን ነው በኪሎ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሲመዘንም ቆማችሁ እዩ።

ማማ ቤት የሄድነው በአራተኛው ቀን ነው፣ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ያረፍንበት ቤት ጠባቂ «ጠዋት ሄዳችሁ እዘዙ፣ ምሳ ሰዓት ሄዳችሁ አትጠብቁ» አለን። ሦስት ሰዓት ላይ ሄድን። ማማ ስልሳውን ሳያልፉ አይቀሩም፤ «ሺካሞ» አልናቸው፣ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነው፣ ፊታቸው በራ። «ሌዎ ኩና ሳማኪ ጋኒ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ዛሬ ምን ዓሣ አለ ማለት ነው። ሜኑው ላይ ሃያ ነገር ቢጻፍም የዚያን ቀን ያለው ሁለት ወይ ሦስት ነው። ማማም ሳይደብቁ «ኦክቶፐስ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሰባት ሰዓት ኑ» አሉን። አንድ ደስ የሚል ነገር፣ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ነው፤ ሰባት ሲሏችሁ ሰባት ነው። ስልክ ላይ የምታገኙት የባሕር መሙያና መሸሻ ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ እንዳትምታቱ።

እኛ ስድስት ተኩል ላይ ደረስን፤ ቀድመን በመምጣታችን ሲሠራ አየን። ወጣቱ ልጅ ኦክቶፐሱን ድንጋይ ላይ በዱላ ይቀጠቅጠዋል፣ ሥጋው እንዲለሰልስ ነው። ማማ ደግሞ አጭር የእንጨት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከበርጩማው ጫፍ ጥርስ ያለው ብረት ወጥቷል፣ የተከፈለውን ኮኮናት እሱ ላይ እያሽከረከሩ ይፍቁታል። ዕቃውን «ምቡዚ» ይሉታል፣ ፍየል ማለት ነው። የተፋቀውን በትንሽ ውኃ ጨመቁት፣ ወፍራሙ ወተት ወጣ፣ ለብቻ አስቀመጡት። እንደገና ውኃ ጨምረው ጨመቁ፣ ቀጭኑ ወጣ። ኦክቶፐሱን በቀጭኑ ቀቅለው ወፍራሙን መጨረሻ ላይ ጨመሩበት፤ ቀድሞ ከገባና ከፈላ ይበጠሳል አሉን።

ሳህኑ ሲቀርብ ሽታው ቀድሞ ደረሰ፤ ሄል፣ ቀረፋ፣ እርድ፣ ትንሽ ዝንጅብል። ሥጋው ጥርስ ላይ ይጠነክራል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እንደ ለሰለሰ የዶሮ ብልት ነው የሆነልኝ። መረቁ ወፍራም፣ ጨው ያልበዛበት፣ በሎሚ የተነቃቃ ነው። ሩዙም በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ስለሆነ ብቻውን ይበላል። እህቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አልበላም ስላለች ቻንጉ የሚባለውን ዓሣ በከሰል ጠበሱላት፤ ቆዳው ጥሩ ነበር፣ ሥጋው ግን ትንሽ ደርቆባታል። ጾም ላይ ከሆናችሁ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄና ምቺቻ የሚሉት ቅጠል አለ፣ ቅቤም እንቁላልም የለበትም። ሁለታችን ከሸንኮራ ጭማቂ ጋር 60 ሺሕ የታንዛኒያ ሽልንግ ከፈልን። ለጠገብነው ጥጋብ አልበዛብንም።

የጎደለውንም ልናገር። ቀድማችሁ አዛችሁም እንኳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ቻፓቲው ቀዝቅዞ መጣ። ዝንብ አለ። ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃው ግን በባልዲ ነው። ካርድ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ከስቶን ታውን (የዋናው ከተማ አሮጌው ሰፈር ነው) ሳትወጡ ሽልንግ አውጡ። ቢራም የለም፤ መንደሩ የሙስሊም መንደር ነው፣ ከባሕሩ ዳር ወጥታችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ ትከሻችሁንና ጉልበታችሁን ሸፈን አድርጉ። በረመዳን ከሄዳችሁ እንደ ማማ ያሉ ቤቶች ቀን ላይ የሚዘጉት ብዙ ናቸው፣ ሆቴሎች ክፍት ቢሆኑም መንገድ ላይ አትብሉ፣ አትጠጡ።

መሄጃውን በአጭሩ። ከስቶን ታውን 309 ቁጥር ዳላዳላ፣ ማለትም የሕዝብ ሚኒባስ፣ ጃምቢያኒ ያደርሳል፤ ርካሽ ነው፣ ይጨናነቃል፣ ሲመሽ አይገኝም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ትልቁ ዝናብ ብዙ ቤት ስለሚዘጋ ያን ጊዜ ባትሄዱ ይሻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ለውጭ አገር ጎብኚ የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ሆኗል፣ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት ጨርሱት።

እና እባካችሁ የውኃ ጫማ ያዙ። የሸሸው ባሕር ላይ በባዶ እግር መሄድ ያምራል፣ ግን ድንጋዩ መካከል ጥቁር የባሕር ጃርት አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ምሳችንን በልተን ስንጨርስ ባሕሩ እየተመለሰ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ውኃው ከጠረጴዛችን አሥር እርምጃ ደርሶ፣ ጠዋት በጎኗ የተኛችው ጀልባ ቆማ ትወዛወዝ ነበር፤ እህቴም በመጨረሻ ያን ፎጣዋን አንጥፋ ገባች።